ድንጋይ ላይ የተፈረመው የኪራይ ውል

ሊደበድቡኝ የመጡ ልጆች የቤት ኪራይ ውል ላይ ምስክር ሆነው ፈርመውልኛል። ያውም መንገድ በዘጉበት ድንጋይ ላይ ወረቀቱን አስደግፈው። ያውም በኔው እስክሪብቶ። ያውም አንዱ «ፋዘር፣ ፊርማዬን ላሳምረው ወይስ ዝም ብዬ ልጫረው?» ብሎ አስፈቅዶኝ።

አውቃለሁ፣ አታምኑኝም። ባለቤቴም አታምነኝም። እንግዳ ሲመጣ ይቺን ወሬ ስጀምር ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ትገባና ድስት ማንኳኳት ትጀምራለች። ግድ የለም፣ እኔ ለድስትም ቢሆን አወራለሁ።

ሥራዬ ድለላ ነው። ደላላ ስላችሁ ኪሳችሁን የያዛችሁ፣ እጃችሁን መልሱ። እኔ እንደሌሎቹ አይደለሁም። ሰበታ፣ አለም ገና፣ ፉሪ፣ በየትኛውም ሰፈር «ያ ባለ ሜትሩ» ብትሉ ያሳዩዋችኋል። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሕግ የተማርኩት ከመንገድ ዳር ከገዛሁት፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ የፍትሐ ብሔር መጽሐፍ ነው። የፊቱ ገጾች ስለሌሉት ሕግን የማውቀው ከመካከል ጀምሮ ነው። ስለ ጋብቻ የሚያወራው ክፍል የተቀደደው ውስጥ ነበር መሰለኝ፣ እቤት ውስጥ ክርክር ስገጥም እስካሁን እሸነፋለሁ። ስለ ኪራይ ግን አንድ ጠበቃ አምጡና ከኔ ጋር አስቀምጡት። ላብ ያጠምቀዋል።

ከድለላው በፊት የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። ሰውን እዚያ ነው ያወቅኩት። ሰው አንድ ሰዓት መቆም አያናድደውም። የሚያናድደው ከኋላው የመጣው ቀድሞት ሲገባ ነው። ተራው መሆኑን ካወቀ በዝናብም ይቆምልሃል። ወደ ድለላ ስገባ ይሄንኑ ይዤ ገባሁ። ደብተር ገዛሁ። ቤት ፈላጊ ሲመጣ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ቤት ሲገኝ በቁጥር ቅደም ተከተል ነው። ዘመዴም ቢሆን፣ የዘመዴ ዘመድም ቢሆን።

ደግሞ ደብተሬ ላይ ስም አይጻፍም። ለምን በሉኝ። አከራይ ስም ሲሰማ ቤት ማከራየቱን ይተውና ሰውየውን መበተን ይጀምራል። አባቱ ማን ነው? አገሩ የት ነው? የሚጾመው የቱን ነው? እቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ያወራሉ? ስለዚህ እኔ የምጽፈው «ቁጥር አራት፣ ሦስት ሰው፣ ወር ሳይሞላ የሚገባ፣ ልብስ ሰፊ» ብቻ ነው። አከራይ «ስሙ ማን ነው?» ካለኝ «ውል ስትፈርሙ ይነግርዎታል» እላለሁ። ማን አስተማረህ? ማንም። ከዚሁ ከጭንቅላቴ ነው የወጣው።

ሁለተኛው ፈጠራዬ ሜትሩ ነው። ባለ አምስት ሜትር፣ ቢጫ፣ ሲለቁት ጣት የሚገርፍ። በኛ ከተማ ሁሉም ክፍል አራት በአራት ነው። አከራዩን ጠይቁት፣ አራት በአራት ነው። አልጋ ሲገባ ሦስት በሦስት ይሆናል። እኔ ግን ተከራይ ፊት ዘርግቼ እለካና ውሉ ላይ አሰፍራለሁ። አንዷ አከራይ «ቤቴን ነው ወይስ ቀሚሴን ነው የምትለካው?» ብላኝ በመጥረጊያ አባራኛለች። ከበር ውጭ ሆኜ ጨርሼ ለካሁ።

እንግዲህ እንደዚህ ያለው ሰው ነው ያን ሰሞን የተዋረደው።

የማስተር ፕላኑ ወሬ በየግቢው የገባበት ሰሞን ነበር። ከተማው ወደኛ ሊሰፋ ነው፣ መሬት ሊለካ ነው፣ ሊወሰድ ነው። ገበሬው እርሻውን ቆሞ ያያል፣ ልጁ መንገድ ይወጣል። ጠዋት ታክሲ አለ፣ ረፋድ ላይ የለም። አንድ ሰው ሲያፏጭ የሱቁ ላሜራ ሁሉ ይዘጋል። ስልክ በእጅህ እንደያዝክ ኔትዎርኩ ይጠፋል። ሻይ ቤት ውስጥ ሻዩን የሚጨርስ አልነበረም፤ ባለቤቱ በቀን ስንት ግማሽ ብርጭቆ ሻይ እንደሚደፋ ሲያወራ ሊያለቅስ ይደርስ ነበር። እኔ ራሴ ወንበር ላይ በግማሽ መቀመጫዬ መቀመጥ የለመድኩት ያኔ ነው። እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አሁንም ይሄን ስጽፍ አንድ እግሬ በሩ ላይ ነው።

የቤት ኪራይም አበደ። አከራይ ሁሉ ተከራዩን እንደ አዲስ ያይ ጀመር። እነዚህ አብረው ምስር ሲበዳደሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። «ጥላቻ የለብኝም፣ ግን ጊዜው…» ይላሉ። «ግን ጊዜው» የሚለውን ያን ሰሞን የሰማሁትን ያህል የገዛ ስሜን አልሰማሁትም።

ቁጥር ሰባት በዚህ መሀል ነው የመጣችው። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ወደ ሰሜን ነው አገሯ፣ አፏም ይናገራል። ስምንተኛ ወሯን ያለፈች እርጉዝ፣ ባሏ ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ፣ መንገዱ ደግሞ ዝግ። አከራይዋ ሴትዮ «እስከ ቅዳሜ ውጪልኝ፣ ልጄ» ብላታለች።

«ጋሼ፣ ሁለት ክፍል አልልም» አለችኝ። «አንድ ክፍል፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው። የምወልድበትን ቀን እኔ አልመርጥም፣ የምወልድበትን ቤት ግን ልወቀው።»

ደብተሬ ላይ «ቁጥር ሰባት፣ አንድ ሰው፣ በቅርቡ ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ ነበር።

ቤት ነበረኝ፣ አንድ። ፉሪ ዳገቱ ላይ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ግቢ። ከአባታቸው የወረሱት እርሻ እየተሸነሸነ የቀራቸው ግቢያቸውና ከኋላ ያለው የጎመን መደብ ነው። ጥግ ላይ ሊሾ የፈሰሰበት፣ ላሜራ በር ያለው ሰርቪስ ሠርተዋል። ጥሩ ቤት።

ችግሩ ቁጥር ስድስት ነው። ቁጥር ስድስት የዚያው የፉሪ ልጅ፣ ብረት በያጅ፣ የገበሬ ልጅ። ሽማግሌ ልኮ ተፈቅዶለት፣ ለሙሽራው ቤት ፍለጋ ሁለት ወር ደብተሬ ላይ የቆየ። ቤቱ የሱ ነው። ተራው ነው። ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፣ መንገድ ላይ ድንጋይ ከሚደረድሩት ጋር ነው የሚውለው።

ሐሙስ ዕለት መጣ።

«ፋዘር፣ ተራዬ አልደረሰም?»

«ቀርቧል፣ ቀርቧል።»

«የፉሪው ሽማግሌ ሰርቪስ ባዶ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ተይዟል» አልኩት።

«በማን?»

«ካንተ በፊት ባለ ሰው።»

አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ተራ አስከባሪን ማን ይጠራጠራል? ስንት ዓመት ተራ አስከብሬ በአንድ ቀን ተራ በላሁ። ለራሴ ያልኩት «ለእርጉዝ ነው፣ እግዜርም ይቅር ይላል» ነው። ማታ ባለቤቴ «ምን ሆነህ ነው እንጀራውን የምታገላብጠው?» አለችኝ። «ጨው አነሰው» አልኳት። ወጡን ነው ማለቴ። እሷ ግን ያየችኝን አስተያየት እኔ ነኝ የማውቀው።

ዓርብ ጠዋት ቁጥር ሰባትን ይዤ ወደ ፉሪ ወጣሁ። ታክሲ የለም። በእግር ነው። እሷ አሥር እርምጃ ትሄድና ወገቧን ይዛ ትቆማለች፤ እኔ መሬት ላይ የወደቀ ነገር የምፈልግ መስዬ እጠብቃታለሁ። ከታች ከዋናው መንገድ ጩኸት ይሰማል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይሰማል።

ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ነበር።

«አካም ጂርቱ፣ አባባ?»

«ነጋ ነው፣ ሰላም ነው። ኮቱ፣ ግቡ፣ ግቡ።» እሷን ሲያዩ የራሳቸውን በርጩማ አቀረቡላት። «ታኢ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ። በዚህ ሆድሽ ዳገት ያስወጣሽ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው፣ አባባ።»

«ደላላ!» አሉና ከዘራቸውን አነሱብኝ። ተሳሳቅን። ቤቱን አየች። በሩን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ደግማ ዘጋች። ከውስጥ ይቆለፋል። ስትወጣ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር።

እሳቸው ግን ወደ ጎመኑ እያዩ ነበር።

«እይ እንግዲህ» አሉኝ፤ ቀጥለውም ለሷ፦ «ልጄ፣ አንቺ ደህና ልጅ ነሽ። ያንቺ ነገር አይደለም። ግን የመንደሩ ልጆች ምን ይላሉ? ዛሬ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ይባላል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሌሊት ድንጋይ ጣራዬ ላይ ቢወርድ ማንን እጠራለሁ? ላንቺስ ምን እመልስልሻለሁ? ጊዜው…»

ይኸው መጣ፣ «ግን ጊዜው»።

እኔ ሲጨንቀኝ እለካለሁ። ሌላው ሲጨንቀው ያጨሳል፣ ይቅማል፤ እኔ ሜትሬን እመዛለሁ። ክፍሉን ለካሁ። ሦስት ተኩል በአራት፣ ውሸት የለበትም። እነሱ እያወሩ ነው። በረንዳውን ለካሁ። እነሱ አሁንም እያወሩ ነው። ከዚያ እስከ ውሃ ቦኖው ስንት እንደሆነ ልለካ አልኩ፤ እርጉዝ ናት፣ ጀሪካን ተሸክማ ስንት እንደምትሄድ ውሉ ላይ መታወቅ አለበት ብዬ። ቦኖው ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ነው።

የሠራሁትን አስቡት። መሬት ሊለካ ነው ተብሎ አገር በተነሳበት ሰሞን፣ ሜትር ይዤ፣ ደብተር ብብቴ ሥር አድርጌ፣ ከገበሬ አጥር ሥር ተንበርክኬ አምስት ሜትር፣ አሥር ሜትር እያልኩ እጽፋለሁ። በመላው ሰበታ ይሄን የሚሠራ ጅል አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አሁን እያነበባችሁት ያላችሁት ነው።

ቦኖው ጋ ውሃ የምትቀዳ ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝ።

«ላፋ ሳፈራ ጂራ!» ብላ ጮኸች። መሬት እየለካ ነው ማለቷ ነው።

ፉጨት። ከዚያ ሌላ ፉጨት። ሜትሬን እስክጠቀልል አሥር የሚሆኑ ልጆች ከበውኛል፣ ዱላም አለ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም። ደላላ ነኝ።»

«የመሬት ደላላ!»

«የሰርቪስ! የሰርቪስ ቤት!»

አንዱ ደብተሬን ነጠቀና ገለጠ። «ቁጥር አንድ፣ አምስት ሰው። ቁጥር ሁለት፣ ሦስት ሰው፣ ወር ሳይሞላ…» ቀና አለ። «ስም የለውም እኮ! ኮድ ነው! ሰው በኮድ መዝግቧል!»

እዩ እንግዲህ። ፍርድ እንዳይጓደል ብዬ ስም ያጠፋሁበት ደብተር፣ የሰላይ ደብተር ሆኖ አረፈው። መቀለድ ሞከርኩ። «ልጆች፣ ይሄን ሁሉ አገር በባለ አምስት ሜትር ሜትር ከለኩት ማስተር ፕላኑ መቼ ያልቃል?» አልኩ። በሕይወቴ ቀልዴ ያልሠራበት ቀን ያ ነው። አንዱ ከኋላ ሊስቅ ሲል ጓደኛው በክርኑ መታው።

ወደ መንገዱ ወሰዱኝ። ለቁጥር ሰባት በዓይኔ ሂጂ ሂጂ አልኳት። አልሄደችም። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ «ኧረ ደላላ ነው! እኔ ነኝ ያመጣሁት! ቤት ሊያሳየኝ ነው!» እያለች ከኋላ። ሽማግሌውም በከዘራቸው ከሷ ኋላ። ሰልፍ ሆንን። እኔ መሪ፣ ሳልፈልግ።

ዋናው መንገድ ላይ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ተደርድሯል። መሀል ላይ አንድ ትልቅ፣ ጠፍጣፋ፣ የወፍጮ መጅ የሚያስንቅ ድንጋይ አለ። እሱ ላይ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቁጥር ስድስት።

አየኝ። ደብተሩን አየ። ሳቁን ለቀቀው።

«ይሄ? ይሄ ማስተር ፕላን አይደለም! ይሄ ደላላዬ ነው! አምጡት እስቲ ደብተሩን… ይኸው፣ ‹ቁጥር ስድስት፣ ሁለት ሰው፣ ሙሽራ፣ በያጅ›፣ እኔ ነኝ!»

ዱላው ወረደ። ትንፋሼ ተመለሰ። «አላልኳችሁም?» ማለት ጀምሬ ነበር፤ እኔን ስታውቁኝ፣ ትንፋሼ ከመመለሱ በፊት ጉራዬ ይመለሳል።

«ቆይ» አለ ቁጥር ስድስት። «እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ቤት ላሳይ።»

«የማንን ቤት?»

ሽማግሌው፣ ውሸት የማያውቁ ሰው፣ «የኔን ነዋ» አሉ።

«የሳቸው ቤት ተይዟል አላልከኝም ትናንት?»

«ማን ያዘው?» አሉ ሽማግሌው። «ባዶ ነው። ጠዋት ጠርጌዋለሁ።»

ዱላው በመሬት መለካት ወርዶ፣ በተራ መብላት ሊነሳ ነው። እውነቱን ተናገርኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ ውሸት አልቆብኝ ነው። «ተራው ያንተ ነበር። ለሷ ልሰጥ ዋሸሁህ» አልኩ።

ቁጥር ሰባት እኔን አላየችም። እሱን ነው ያየችው። «እኔ አላወቅኩም» አለችው። «ተራው ያንተ ከሆነ ቤቱ ያንተ ነው።» አለችና ዞር አለች፤ ሦስት እርምጃ ሳትሄድ ወገቧን ይዛ ከድንጋዮቹ አንዱ ላይ ተቀመጠች። የምትሄድበት የለም። ነገ ቅዳሜ ነው።

ቁጥር ስድስት ግን ከኔ ጋር አልጨረሰም።

«ፋዘር፣ ታክሲ ተራ እያለህ እርጉዝ ስትመጣ ምን ታደርግ ነበር?»

«አስቀድማታለሁ።»

«በስውር ታስገባታለህ ወይስ ሰልፉን ታስፈቅዳለህ?»

«አስፈቅዳለሁ። ጮክ ብዬ።»

«እምቢ ያለህ ሰው ነበር?»

አሰብኩ። በእውነት አሰብኩ። «አንድም።»

«እና እኔን ለምን አላስፈቀድከኝም?»

«እምቢ ትላለህ ብዬ…»

«ለምን እምቢ ይላል አልክ?»

መልሱን ሁለታችንም አውቀነዋል፣ እሷም አውቃዋለች። ደብተሬ ላይ የማንንም ስም፣ የማንንም አገር ሳልጽፍ፣ የሱን ልቤ ላይ ጽፌው ኖሯል። እሱ የዚህ አገር ልጅ፣ ድንጋይ ደርዳሪ፤ እሷ የዚያ አገር ልጅ፤ በቃ አይሆንም ብዬ ፈርጄ። አከራዮቹ አፍ አውጥተው የሚሉትን እኔ በሆዴ ብዬዋለሁ። ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እንግዲህ ጉረኛ ሰው ሲያፍር አይታችሁ ታውቁ እንደሆን አላውቅም፤ አያምርም።

«አሁን አስፈቅደኝ» አለኝ።

«እ?»

«ድንጋዩ ላይ ውጣና አስፈቅደኝ። እንደ ድሮህ።»

ወጣሁ። ድምፄ ያው የጥንቱ ነበር፤ እሱ ከድቶኝ አያውቅም። «ወገኖች! እርጉዝ አለች! ተራ የሚሰጥ!» ብዬ ለቀቅኩት። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ያ ቅድም በክርን የተመታው ልጅ ድርሻውን አሁን ጨምሮ ሳቀ።

«ሰጠሁ» አለ ቁጥር ስድስት፣ እጁን አንስቶ። «እኔ ወደ ሰባት፣ እሷ ወደ ስድስት።»

ቁጥር ሰባት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

አልቋል ስትሉ አላለቀም። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ዱጋ ነው፣ እውነት ነው። ነገስ?» አሉ። «ዛሬ እናንተ አላችሁ። ነገ ሌላው መጥቶ ‹ማንን አስገባህ› ቢለኝ?»

አሁን ነው የኔ ጭንቅላት የሠራው። ይሄንን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ! የውል ወረቀት ከደረት ኪሴ አይጠፋም፤ አወጣሁና «ውል ሦስት ምስክር ይፈልጋል» አልኩ። «ምስክሮቹ እናንተ ሁኑ። ነገ ማንም ቢመጣ፣ አባባ ወረቀቱን ያሳያሉ። የገዛ መንደራቸው ልጆች ፈርመዋል።»

ልጆቹ ተያዩ። ቁጥር ስድስት መነጽሩን ግንባሩ ላይ አስተካከለና ከድንጋዩ ወረደ። «ጻፍ» አለኝ።

ተንበርክኬ ጻፍኩ። ክፍሉ ሦስት ተኩል በአራት። እስከ ቦኖው የለካሁት ሳይቀር። አከራይ ተከራይን ለማስወጣት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጥ። ቁጥር ስድስት ከትከሻዬ በላይ ሆኖ እያነበበ «በወሬ ምክንያት ማስወጣት አይቻልም በል» አለኝ። እንደዚህ የሚል ነገር ያ የተቀደደው መጽሐፌ ውስጥ የለም። ጻፍኩት። አሁን በምጽፈው ውል ሁሉ ውስጥ አለ፤ የኔ ፈጠራ ነው እያልኩ ነው የምነግራቸው፣ እንግዲህ እዚህ ላይ ያዛችሁኝ።

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በእስክሪብቶ ቀለም አስቀብተው አተሙ። እሷ ፈረመች። ቁጥር ስድስት ፈረመ። ያ ሳቂው ልጅ «ላሳምረው?» ብሎ ጠይቆ ፈረመ። ሦስተኛው ብዕሩን ይዞ መጻፍ እንደጀመረ ከታች የመኪና ድምፅ ተሰማ። ከባድ መኪና።

በአንድ ትንፋሽ ሁሉም ተበተነ። እኔ ቦይ ውስጥ ነበርኩ፤ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ሽማግሌው አጥር ሥር። ያልሮጠችው እሷ ብቻ ናት፣ መሮጥ የማትችለው። ነፋስ ሊወስደው ሲል ውሉን ከድንጋዩ ላይ አንስታ ቂጧ ሥር አደረገችና ተቀመጠችበት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ባዶ መንገድ መሀል፣ ብቻዋን።

መኪናው የወታደር ሳይሆን የድንጋይ ጭነት ኖሯል፤ ከሩቅ አይቶን ዞሮ ተመለሰ። ከቦዩ ስወጣ ግማሽ ልብሴ ጭቃ ነው። «ጋሼ፣ ውሉ ደህና ነው» አለችኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፣ ማቆምም አቃታት፣ እኔ «ኧረ እዚሁ እንዳትወልጂ!» እስክላት ድረስ።

ሦስተኛው ልጅ ያን ቀን አልተመለሰም። ፊርማው ግማሽ ነው። እስከ ዛሬ ግማሽ ነው።

ቅዳሜ ገባች። ዕቃዋን በፈረስ ጋሪ አመጣን፤ ልጆቹ ድንጋዩን ለጋሪ ያህል ገለጥ አደረጉና መልሰው ገጠሙት። ቁጥር ስድስት ለበሩ ተጨማሪ ማሰሪያ በየደላት። በሁለተኛው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች፣ በሰላም። ባሏ ቆይቶ መጣ፤ እሷ ደግሞ እዚያው ግቢ አራት ዓመት ተቀመጠች። ጣራው ላይ የወረደ ነገር ቢኖር የሽማግሌው ድመት ብቻ ናት።

ለሁሉም ግን አልሆነልኝም። ያን ሰሞን ከደብተሬ ላይ ሦስት ቁጥሮች የት እንደሄዱ ሳላውቅ ጠፍተዋል። ዕቃ ጭነው፣ ሳይሰናበቱኝ። ገጻቸውን አልቀደድኩም። አንዳንዴ ስልክ ሲጮህ እነሱ ይሆኑ እላለሁ።

ቁጥር ስድስት ደግሞ በሳምንቱ ቤቴ ድረስ መጣ። ባለቤቴ ፊት።

«ፋዘር፣ ተራ የሰበረ ሹፌር ቅጣቱ ምንድን ነው?»

«አንድ ዙር ይቆማል።»

«አንተስ?»

ዓይኑ ከጓሮ ያለችውን የኔን ሰርቪስ እያየ ነው። ማገዶና የተሰበረ ወንበር የማስቀምጥባት። «ይቺን ለምን ደብተርህ ላይ አላየኋትም?» አለኝ።

«ጠባብ ናት…»

«አራት በአራት ናት እያልክ ለሰው ስታወራ ሰምቼሃለሁ እኮ» ብላ ባለቤቴ ጣልቃ ገባች። ሴትዮዋ የማን ወገን እንደሆነች ያን ቀን አወቅኩ።

ሜትሬን ሰጠሁት። እሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ ባለቤቴ ሌላውን። ሦስት በሦስት ከሠላሳ። «ሠላሳዋም ሜትሩን ስለሳብኩት ነው» አለች ባለቤቴ።

እሱና ሙሽራው ከዚያ ወዲህ የኔ ግቢ ናቸው። ውላቸው ላይ «በወሬ ምክንያት ማስወጣት አይቻልም» የሚለው በትልቁ ተጽፏል፣ እሱ ራሱ ነው ያስጻፈኝ። ጠዋት ጠዋት ብየዳው ሲጀምር አሁንም ከወንበሬ ዘልዬ እነሳለሁ።

አላመናችሁም? ሂዱና ጠይቁ። የኔን በር አንኳኩ፤ ከጓሮ መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚወጣው የመጀመሪያው ምስክር ነው። ሁለተኛው አለም ገና ጎማ ይለጥፋል፤ ገና «ደላላው» ስትሉት መሳቅ ይጀምራል። ውሉ ሽማግሌው ቤት፣ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የተጨማደደው ለምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ሦስተኛውን ምስክር ካገኛችሁት ደግሞ እስክሪብቶ ስጡት፣ የቀረውን ግማሽ ይፈርም።